ፋየርዎሉ ቢጠፋም ኢንተርኔት አልከፍት ያለው ኮምፒውተር

ከባሕር ዳር የጻፉልኝ ጠያቂ የኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት ይሰጣሉ። በአንድ ራውተር የተገናኙ ሦስት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ያሏቸው ሲሆን፣ የሚገዙት የኢንተርኔት ጥቅል ቶሎ እያለቀ ስላስቸገራቸው ታይኒዎል የተባለውን ነጻና ቀላል ፋየርዎል (የትኛው ፕሮግራም ኢንተርኔት እንደሚጠቀም የሚፈቅድና የሚከለክል ፕሮግራም) በሦስቱም ላይ አስጫኑ። በሁለቱ ላይ ክሮምንና ቴሌግራምን ከፈቀዱ በኋላ ሥራቸው ቀጥሏል። ሦስተኛው ግን ክሮም ተፈቅዶለትም አንድም ገጽ አይከፍትም፤ ታይኒዎልን ከሰዓቱ አጠገብ ካለው ምልክት ላይ ጨርሰው ቢያጠፉትም ለውጥ የለም። በዚሁ ኮምፒውተር ላይ የጫነላቸው ልጅ አስቀድሞ ሌላ ነጻ ፋየርዎል ሞክሮ «ጥያቄ አበዛ» ብሎ በዚያው ቀን እንዳጠፋው፣ ከዚያ ወዲህም የስታርት ሜኑው አንዳንድ ጊዜ አልከፈት እንደሚል ጨምረው ገልጸዋል። ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ጋር የተገናኘው የጋራ ፕሪንተርም ከሌሎቹ ሁለቱ ጠፍቷል። ጥያቄያቸው ታይኒዎልን ያውጡት ወይስ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጉት የሚል ነው።

ፎርማት አያስደርጉ። ታይኒዎልም ጥፋተኛ አይመስለኝም። ከደብዳቤዎ ውስጥ ዋናው ፍንጭ ታይኒዎል ጠፍቶም መዘጋቱ አለመነሳቱ ነው፤ ከልካዩ እርሱ ቢሆን ኖሮ ሲጠፋ መንገዱ ወዲያው በተከፈተ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ያረፈው አስቀድሞ በተሞከረው ፋየርዎል ላይ ነው። ስሙን ባይጠቅሱትም፣ ነጻ መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ፈቃድ መጠየቁንና በአንድ ቀን ተጭኖ መውጣቱን ሳይ ሲምፕልዎል ይመስለኛል። ሲምፕልዎል መጠኑ ከ1 ሜጋባይት የማይበልጥ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ሠሪው ራሱ በግልጽ እንዳስጠነቀቀው፣ ከመነቀሉ በፊት ማጣሪያዎቹን፣ ማለትም የፍቀድና የከልክል ደንቦቹን፣ የማንሻው ቁልፍ ካልተጫነ፣ ፕሮግራሙ ቢጠፋም ማጣሪያዎቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራሉ። ያ ልጅ ቁልፉን ሳይጫን ፕሮግራሙን አጥፍቶታል ብዬ አምናለሁ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህ ነጥብ የገባው ሰው ግማሹን የፋየርዎል ችግር በራሱ ይፈታል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ የራሱ የሆነ የማጣሪያ መድረክ አለው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ደብሊው ኤፍ ፒ ተብሎ ይጠራል። እኛ በስክሪኑ ላይ የምናያቸው ሲምፕልዎልና ታይኒዎል ደንብ ጸሐፊዎች እንጂ ከልካዮች አይደሉም። ደንቡን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ቤዝ ፊልተሪንግ ኢንጂን የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት ሲሆን፣ ደንቡ ቋሚ ተብሎ ከተመዘገበ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢነሳም፣ ደንቡን የጻፈው ፕሮግራም ከነፎልደሩ ቢሰረዝም፣ አገልግሎቱ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ቁም ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ፋየርዎል ደንቦቹን የሚጽፈው በራሱ ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ክብደቱ የበለጠው ደንብ ይወስናል፤ በክፍሎች መካከል ልዩነት ሲፈጠር ግን በመደበኛው አሠራር «ከልክል» የሚለው «ፍቀድ» የሚለውን ይሽራል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኬላ እንዳለ ያስቡት፤ የመጀመሪያው ኬላ ይለፍ ቢሰጥዎት እንኳ ሁለተኛው ካገደዎት መኪናዎ እዚያው ይቆማል። እርስዎም ታይኒዎል ላይ ክሮምን ሲፈቅዱ፣ ኋላም ታይኒዎልን ሲያጠፉ አንዱን ኬላ ብቻ ነው ያነሱት። ሁለት ፋየርዎል መደራረብ ጥበቃን እጥፍ ያደርጋል የሚለው እምነት የተሳሳተ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚተርፈው ሁለቱም የፈቀዱት ብቻ ይሆንና ችግር ሲመጣ የትኛው እንደከለከለ ማወቅ ያዳግታል።

የስታርት ሜኑው አለመከፈት ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ኢንተርኔቱ እምቢ ሲል ያ ልጅ የዊንዶውስን የራሱን ፋየርዎል አገልግሎት ከሥሩ ያቋረጠው ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት ይህን አገልግሎት ማቆም እንደማይደግፍ በጽሑፍ ያስታወቀ ሲሆን፣ ከሚያስከትላቸው ችግሮች መካከል የስታርት ሜኑ ሥራ ማቆምና የአንዳንድ አፕሊኬሽኖች አለመጫን ይገኙበታል። አገልግሎቱን በተለመደው የሰርቪስስ መስኮት ማቆም ስለማይቻል፣ ብዙዎች «ዊንዶውስን ያፈጥናል» የሚባል ከየትም የመጣ ስክሪፕት በፍላሽ ይዘው ይዞሩና አንድ ጊዜ ተጭነው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ጥገና በጣም ያሳዝነኛል፤ ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ የተዳከመ ኮምፒውተር ይረከባል፣ ምን እንደተነካበትም የሚነግረው የለም።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋየርዎል በሚነካኩበት ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉ፣ ዋይፋዩንም ያጥፉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በፖርት 445፣ ማለትም ፋይልና ፕሪንተር በምንጋራበት በር፣ ማንም ምንም ሳይጫን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሸጋገር ነበር፤ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ቢሆንም ያልጫኑት ብዙ ነበሩ። ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ቢመክትም፣ በቤትዎ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ወደ ጎረቤቱ የሚሻገረውን አይከለክልም። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ በሚሰካበት ቤት ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም።

እንግዲህ ኬብሉ ተነቅሎ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ፣ ታይኒዎልን ከሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ በሴቲንግስ በኩል በሥርዓቱ ያውጡት፤ በኋላ መልሰን እንጭነዋለን። ቀጥሎ የዊንዶውስን የውስጥ ቅንብሮች የሚያሳየውን ሬጂስትሪ ኤዲተርን ይክፈቱና በሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ ሥር ኤም ፒ ኤስ ኤስ ቪ ሲ የሚለውን፣ ማለትም የዊንዶውስ ፋየርዎል አገልግሎትን፣ ይፈልጉ። እዚያ ውስጥ ስታርት የሚለው ዋጋ 4 ከሆነ አገልግሎቱ እንዳይነሳ ተደርጓል ማለት ነውና ወደ 2 ይቀይሩት። ቢ ኤፍ ኢ በሚለውም (ቤዝ ፊልተሪንግ ኢንጂን) ላይ ያንኑ ዋጋ ይመልከቱ፤ እርሱም 2 መሆን አለበት። ከመንካትዎ በፊት እነዚህን ሁለት የሬጂስትሪ ክፍሎች በኤክስፖርት ያስቀምጧቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱት፤ የስታርት ሜኑው ከተስተካከለ፣ የፋየርዎል አገልግሎቱ ተቋርጧል የሚለው ጥርጣሬ ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ተረፉት ማጣሪያዎች እንመለስ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ከፍተው «ኔትሽ»፣ «ደብሊው ኤፍ ፒ»፣ «ሾው»፣ «ፊልተርስ» የሚሉትን አራት ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ እየተዉ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ፊልተርስ የሚል የኤክስ ኤም ኤል ፋይል ይፈጠራል፤ ኮማንድ ፕሮምፕቱ በሲስተም 32 ላይ ከተከፈተ ፋይሉን እዚያው ያገኙታል። በኖትፓድ ይክፈቱትና በመፈለጊያው «ሲምፕልዎል» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይፈልጉ። ስሙ ከተገኘ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲምፕልዎልን ከሠሪው ገጽ አውርደው በንጹሕ ፍላሽ ያምጡት፣ ይጫኑት፣ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ይክፈቱትና ማጣሪያዎቹን የማንሻውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ፕሮግራሙን የሚነቅሉት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ትእዛዙን ደግመው ሲያስኬዱ ስሙ ከፋይሉ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሌላ የፋየርዎል ወይም የአንቲቫይረስ ስም ካገኙ ደግሞ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ሠሪው ያዘጋጀውን ማጽጃ ይጠቀሙ እንጂ ፎልደር በመሰረዝ አይለፉት።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው የዊንዶውስ ፋየርዎል መብራቱን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ኬብሉን ይመልሱና ክሮምን ይሞክሩ። ከተከፈተ ታይኒዎልን እንደገና ይጫኑት። ካልተከፈተ ግን ወደ ዋይፋይ መቀበያው እንሄዳለን፤ ሦስተኛው ኮምፒውተር በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ የሚጠቀም ከሆነ በኬብል ያነጻጽሩት። ገበያ ላይ የሚሸጡት ርካሽ መቀበያዎች ማሸጊያቸው ላይ የተጻፈው ፍጥነትና ውስጣቸው ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ አብሯቸው የሚመጣው ሲዲ ደግሞ ከድራይቨሩ (መቀበያውን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም) ጋር የማይፈለግ የማገናኛ ፕሮግራም ሊጭን ይችላል። ሲዲውን ይተዉት፤ ዊንዶውስ ራሱ የሚያውቀው ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ታይኒዎል ከተመለሰ በኋላ አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ካሮይ ፓዶስ የሠራው ይህ ፕሮግራም በየደቂቃው መስኮት እየከፈተ አይጠይቅም፤ ያልተፈቀደውን ሁሉ በዝምታ ይከለክላል። ለዚህም ነው ለእንደ እርስዎ ያለ፣ ብዙ እጅ ለሚነካው የሥራ ቦታ ከሌሎቹ የምመርጠው፤ የሚጠይቅ ፋየርዎል ፊት የቸኮለ ሠራተኛ ሁልጊዜ «እሺ» ይላል። አንድን ፕሮግራም ለመፍቀድ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ደብሊውን አንድ ላይ ተጭነው የፕሮግራሙን መስኮት ጠቅ ማድረግ ይበቃል። ቅንብሩን በይለፍ ቃል ይቆልፉት። ራሱ እየተማረ የሚፈቅድበት አሠራርም አለው፤ ይህን ፎርማት ተደርጎ ገና በተጫነ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ አይጠቀሙበት፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት የጠየቀ ቫይረስም አብሮ ይፈቀድለታል።

የፕሪንተሩ ጉዳይ አጭር ነው። ታይኒዎል ሲጫን ማጋሪያውንም ስለሚዘጋ፣ በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ በልዩ ፈቃዶች ዝርዝር ውስጥ የፋይልና የፕሪንተር ማጋሪያ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፣ በዊንዶውስም ኔትወርኩን ፕራይቬት ብለው ይመድቡት። የውስጥ ኔትወርኩን በሙሉ የሚከፍተውን አማራጭ ግን አይንኩት። ደንበኞች ስልካቸውን በዚያው ዋይፋይ ላይ የሚያገናኙ ከሆነ ለእነርሱ በራውተሩ ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ይክፈቱላቸው፤ ከሥራ ኮምፒውተሮችዎ ጋር በአንድ መረብ ላይ መሆን የለባቸውም።

ጥቅልዎን የሚበላውን በተመለከተ፣ ፋየርዎል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በብዙ ቤት ያየሁት በላተኛ የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው፤ ዊንዶውስ ያወረደውን ማሻሻያ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍልበት ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል አሠራርም አለው። ይህን ከማሻሻያው ቅንብር ውስጥ ያጥፉትና ግንኙነቱን ሚተርድ፣ ማለትም በልክ የሚከፈልበት፣ ብለው ይመድቡት። በታይኒዎል በኩል ግን የዊንዶውስ ማሻሻያን ፈቃድ አይንሱ፤ ያኔ የደህንነት ጥገናዎቹም ይቀሩብዎታል፣ የዋናክራይ ተጎጂዎችን ያስጠቃውም የዚሁ ጥገና አለመጫን ነበር። ይልቁንስ ሰፊ ጥቅል ሲገዙ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሦስቱንም በየተራ ራስዎ ያሻሽሏቸው። ከዚያ ውጭ ማን እንደሚበላ ለማወቅ በታይኒዎል ምልክት ላይ ግንኙነቶችን የሚያሳየውን መስኮት ይክፈቱ፤ የተከለከሉትንም እንዲያሳይ ካደረጉት ኢንተርኔት ለማግኘት የሚሞክረውን ፕሮግራም ከነፋይሉ ቦታ ያሳይዎታል።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ይሥሩ፤ በኤኒዴስክ ወይም በሌላ የርቀት መቆጣጠሪያ የሚረዳዎት ሰው ታይኒዎልን በጫነበት ቅጽበት ግንኙነቱ ራሱ ይቋረጥበታል። ሥራውን በመካከል አቋርጠው መሄድ ካለብዎትም ኬብሉን እንደነቀሉ፣ ዋይፋዩንም እንዳጠፉ ይተዉት። በፊልተርስ ፋይሉ ውስጥ የሲምፕልዎል ስም ካልተገኘና ኢንተርኔቱም ካልተመለሰ፣ ፋይሉንና የዋይፋይ መቀበያውን ስም ከዲቫይስ ማኔጀር ላይ ገልብጠው ይላኩልኝ።