የፊልም ልብስን አስመስሎ ለመስፋት ጨርቅ ስለ መምረጥ፤ ጥያቄና መልስ

እዚህ ጎንደር ለቲያትርና ለፊልም ልብስ የሚሰፉ ወጣቶች፣ በፊልም ያዩትን ልብስ አስመስለው ለመሥራት የትኛውን ጨርቅ እንደሚገዙ ጠይቀውኛል። እኔም በስፌት ከቆየሁበት ልምድ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በፊልሙ ያየሁት ካባ ደማቅ ቀይ ነው፤ የገዛሁት ከፋይ (ቬልቬት) ጨርቅ ግን ከእሱ ጋር አልገጥም አለኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ጥፋትዎ ከሁሉ አስቀድመው ቀለም መፈለግዎ ነው። በፊልም የሚታየው ቀለም በመብራቱ፣ በካሜራውና ከቀረጻ በኋላ በሚደረገው የቀለም እርማት የተለወጠ ስለሆነ፣ ልብሱ በዓይን ሲታይ የነበረውን መልክ አያሳይም። ይልቅስ ጨርቁ እንዴት እንደሚወድቅና ብርሃኑን እንዴት እንደሚመልስ ይመልከቱ። ተዋናዩ ሲዞር የካባው ጫፍ ዘግይቶ የሚከተለው ከሆነ ጨርቁ ከባድ ነው፤ ቶሎ የሚንሳፈፍ ከሆነ ቀላል ነው። ከፋይ ደግሞ ጸጉሩ ወደ ላይ ሲሆንና ወደ ታች ሲሆን ሁለት ቀለም ስለሚመስል፣ ቁራጮቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መቁረጥ ግድ ነው። እኔ ይህን ዘንግቼ የአንድ ካባ ግራና ቀኝ የተለያየ ሆኖብኝ፣ ሌሊቱን ስፈታው አድሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ልብስ ከገበያ በተገዛ ነጭ ፖሊስተር ብንሰፋው ማን ያውቅብናል?

መልስ፦ ካሜራው ያሳጣችኋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ፖሊስተር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተፈለሰፈው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ምክንያት ግን ዓመቱ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ማግ (በወርድ የሚገባው ክር) አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ስለሚቀጥን፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሸማው ጥላና ብርሃን ይይዛል፤ ፖሊስተሩ ግን ያንጸባርቃል፣ እጥፋቱም ይደርቃል። ስለዚህ ከሸማኔ ስታዝዙ ማጉ የእጅ ፈትል እንዲሆን ተነጋገሩ፤ ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው) የፋብሪካ የጥጥ ክር ቢሆን ከሩቅ አይለይም። የጃኖውንም ቀይ ጥለት በሚያብለጨልጭ ክር አታሠሩ፤ በዚያ ዘመን ባለቀለሙ ክር ብዙ ጊዜ ከውጭ ከመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ይወሰድ ስለነበር፣ ደብዘዝ ያለ የጥጥ ክር ይስማማዋል። እጅግ የነጣ ሸማ በጠንካራ መብራት ሥር ሽመናው ስለሚጠፋ፣ በቀጭን ሻይ ነክሮ ማደብዘዝ የቆየ ዘዴ ነው፤ አስቀድማችሁ ግን በቁራጭ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ንጹሕ ሐር ነው» ይለኛል። እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዘው፣ ከጨርቁ ራቅ ብለው በእሳት ይለኩሱት። ሐርና ሱፍ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉ፣ የሚተዉትም በጣት የሚደቅ ጥቁር አመድ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጠጠር ይሆናል። ትኩሱን በእጅዎ አይንኩት።

ጥያቄ፦ በውጭ ፊልም ያየሁትን የመነኩሴ መሰል ሰፊ ካባ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ወፍራም ሱፍ ግን ውድ ነው።

መልስ፦ በበግ ጸጉር የሚሠራውን ባና ይሞክሩ። ሻካራነቱና ክብደቱ ለእንዲህ ያለ ካባ ይመቻል፤ ሰውነት እንዳይኮሰኩስ ግን በአቡጀዲ ይገበር። ለመኳንንት ካባ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጥጡን ከመቁረጤ በፊት ማጠብ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ያለዚያ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ይኮማተራል።

ጥያቄ፦ ገንዘባችን ጥቂት ነው፤ ከየቱ እንቆጥብ?

መልስ፦ ከማይታየው። ገበሩ፣ የውስጥ ኪሱና ከካባው ሥር የሚለበሰው እጀ ጠባብ ጀርባ ርካሽ ቢሆኑ ካሜራ አያያቸውም። ልብሱን በመጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍታችሁ ልኩን አስተካክሉ፤ ውዱን ጨርቅ የምትቆርጡት ተዋናዩ በአቡጀዲው ተቀምጦ፣ ተነሥቶና እጁን አንሥቶ ካያችሁት በኋላ ይሁን።