ስለ ሥራና ስለ ፍሬው፦ ለወጣት ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ለሠላሳ አራት ዓመታት የዓይን ቀዶ ሕክምና ስሠራ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ምክር የተጻፈው በባጋቫድ ጊታ፣ በሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በኩሩክሼትራ የጦር ሜዳ ከገዛ ዘመዶቹ ጋር መዋጋት የጨነቀው አርጁና ቀስቱን ጥሎ በተቀመጠ ጊዜ፣ በሰው አምሳል ሠረገላውን የሚነዳለት አምላክ ክሪሽና መብቱ በሥራው ላይ እንጂ በፍሬው ላይ እንዳልሆነ ይነግረዋል፤ ሥራ መፍታትንም እንዳይወድ ወዲያው ያስጠነቅቀዋል። ብዙ አንባቢ ይህን የኋለኛውን ይዘነጋዋል። ካርማ ዮጋ፣ ማለትም የሥራ ዮጋ፣ የተባለው መንፈሳዊ መንገድ ዓለምን ጥሎ ጫካ መግባትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በሥራ መካከል ሆኖ የራስን ጥቅም መተውን ነው።

በወጣትነቴ ይህ የግዴለሾች ትምህርት ይመስለኝ ነበር፤ ስለ ውጤቱ የማይጨነቅ ሐኪም እንዴት ይታመናል? ሐሳቤን ያስለወጠኝ የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ቀን መምህሬ ከጀርባዬ ቆመው ሲመለከቱኝ፣ ልቤ ከታካሚዋ ዓይን ይልቅ በእርሳቸው አድናቆት ላይ ነበርና፣ መቸኮል በማይገባኝ ቦታ ቸኩዬ የሌንሱን ሽፋን ቀደድሁት። የሴትዮዋ እይታ በኋላ ቢመለስም፣ ያን ዕለት እጄን ያሳተው ምስጋና ፈላጊው ልቤ እንደነበር አልረሳሁም። ጊታው ዮጋን በሥራ ላይ ያለ ጥበብ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፍሬውን የለቀቀ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ለሥራው ይተርፈዋል።

ይህን በተግባር ያሳዩት የደቡብ ሕንዱ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ናቸው። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቻቸውን ቢያጣምማቸውም ምላጭ መያዝን እንደ አዲስ ተለማምደው የዓይን ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በማዱራይ ከተማ በ11 አልጋ የጀመሩትን ሆስፒታል በመንፈሳዊ መምህራቸው በስሪ አውሮቢንዶ ስም አራቪንድ አሉት። በዚያ መክፈል የሚችለው ታካሚ የሚከፍለው ገንዘብ የማይችለውን በነፃ ያሳክማል፤ ሐኪሞቹም በሁለቱ ክፍሎች እየተፈራረቁ ይሠራሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ቢላዋውን የያዘው እጅ ከታካሚው ኪስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የሞራ ግርዶሽ በገፈፋችሁ ማግሥት ፋሻውን ስትፈቱ፣ ታካሚው መጀመሪያ የሚያየው የእናንተን ፊት ነውና ምርቃቱ ይዘንብባችኋል። እኔ በዚያች ሰዓት እለማመድ የነበረው፣ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀብዬ ሳልዘገይ ወደሚቀጥለው አልጋ መሄድን ነው፤ በዚያም ዓይኑ ገና ያልተፈታለት ሰው ይጠብቀኝ ነበር።