መልስ፦ ደሴ ከተማ በነፃ ማንን ያስፈርም?

ወንድሜ፣ ውላቸው ካለቀ ተጫዋቾች የእግር ኳስ ክለባችን ደሴ ከተማ ማንን ያምጣ ላልከው፣ እኔ ከአጥቂ በፊት አማካይ ነው የምለው። ኳስ ይዞ ጨዋታ የሚያረጋጋ ይሁን እንጂ 30 ቢያልፈውም ግድ የለኝም። ጣሊያናዊው አማካይ ፒርሎ እኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሚላን ወደ ዩቬንቱስ በነፃ ሲሄድ 32 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ የጣሊያን ሊግ (ሴሪ ኤ) ዋንጫ አነሳ!

ግን «ነፃ» የምትለዋ ቃል አትሸውድህ። ለቀድሞ ክለቡ አትከፍልም እንጂ ደሞዙና የፊርማው ብር አለ።

ደግሞ ደሴ ከባህር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከቆላ የመጣ ልጅ 60ኛው ደቂቃ ላይ ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ ስንቴ አየን! እኔ ብሆን ሳላስፈርም በፊት ሁለት ሳምንት ልምምድ ላይ አየዋለሁ። ለምን ክለብ አልባ እንደሆነም እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴ መልሱ የጉልበት ጉዳት ነው።