መብረቁ የት ቀደመ?

ለወሎ የፊዚክስ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ልዩ አንጻራዊነት (የአንስታይን የቦታና የጊዜ ንድፈ ሐሳብ) ላይ ስትደርሱ ቀመር ከመሸምደዳችሁ በፊት ባለ ካሬ ደብተርና ማስመሪያ ያዙ። አንስታይን ሐሳቡን ያወጣው በፈረንጆቹ 1905 ነው፤ ቦታንና ጊዜን በአንድ ሥዕል ማየት የተለመደው ግን የሒሳብ ሊቁ ሚንኮቭስኪ በ1908 ኮሎኝ ላይ ካደረገው ንግግር ወዲህ ነው።

አግድሙ ቦታ፣ ሽቅቡ ጊዜ ነው። ለኪሎ ሜትርም ለሰከንድም አንዳንድ ሳንቲ ሜትር ብትሰጡ፣ የአንድ ሰከንድ ብርሃን ለመሳል 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወረቀት ያሻችኋል። ስለዚህ ጊዜን ብርሃን በሚሄደው መንገድ ለኩት፤ 0.1 ሚሊሰከንድ ማለት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ለሁለቱም 4 ካሬ ስጡ። ያኔ የብርሃን መስመር በ45 ዲግሪ ይወጣል።

ከደሴ እስከ ላሊበላ በአየር መስመር 120 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ደሴን ገጹ መሃል (ወደ ግራና ወደ ታችም ትሄዳላችሁ)፣ ላሊበላን 16 ካሬ ወደ ቀኝ አድርጉ። መሬት ላይ ባሉ ሰዓቶች መብረቅ ሁለቱም ቦታ እኩል ወደቀ እንበል። እኩል ታየ አላልኩም፤ የላሊበላው ብልጭታ ደሴ ለመድረስ 0.4 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ እሱ ተቀንሶ ነው።

አሁን ከደሴ ወደ ላሊበላ በብርሃን ፍጥነት 0.6 እጥፍ የሚበር መንገደኛ አምጡ። የጊዜው ዘንግ 5 ካሬ ሲወጣ 3 ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የቦታው ዘንግ ደግሞ 5 ወደ ቀኝ ሲሄድ 3 ይወጣል። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ብቻ አዘንብሎ ሁለተኛውን ይረሳል፤ የብርሃን መስመር በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ማዕዘን እኩል ካልከፈለ ተሳስታችኋል።

ትልቁ ስሕተት ግን ልኬቱ ላይ ነው። የመንገደኛውን 0.1 ሚሊሰከንድ በማስመሪያ 4 ካሬ ብላችሁ እንዳታስቀምጡት። ምልክቱ የሚያርፈው 3 ወደ ቀኝ 5 ወደ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ 5.8 ካሬ ያህል ይረዝማል። ወረቀቱ የሚያውቀው ፓይታጎረስን ነው፤ እዚያ ስኩዌሮቹ ይደመራሉ፣ እዚህ ይቀናነሳሉ፦ 25 ሲቀነስ 9፣ 16፤ እሱም የ4 ስኩዌር ነው።

ከላሊበላ ነጥብ ተነሥታችሁ ከመንገደኛው የቦታ ዘንግ ጋር ትይዩ መስመር ወደ ግራ ጎትቱ፤ በዚህ መስመር ላይ ያለ ሁሉ ለመንገደኛው እኩል ጊዜ ነው። በየ5 ካሬው 3 ይወርዳል። የጊዜውን ዘንግ 9 ወደ ግራ 15 ወደ ታች ላይ ይቆርጠዋል። ያ ከመነሻው (ከደሴው መብረቅ ነጥብ) በታች ሦስተኛው ምልክት ነው። ለመንገደኛው ላሊበላ በ0.3 ሚሊሰከንድ ቀድሟል። በትይዩ ፋንታ የጊዜው ዘንግ ላይ በ90 ዲግሪ የሚያርፍ መስመር ብትጥሉ 1.4 ምልክት ከመነሻው በላይ ያርፍና ላሊበላ ዘገየ ይላችኋል፤ ገና ከአቅጣጫው ተሳሳታችሁ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ ሊገለባበጥ የቻለው የላሊበላ ነጥብ ከ45 ዲግሪው መስመር በታች ስለዋለ ነው። ከደሴ የተደወለ ስልክ ላሊበላ ሲጮህ ግን ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ይውላል፤ ያንን የሚገለብጥ መንገደኛ የለም።

በብርሃን ፍጥነት 0.8 እጥፍ ስትሞክሩ 4ቱን ካሬ ወደ 3 ቀንሱት፣ ምልክቱም 4 ወደ ቀኝ 5 ወደ ላይ ይሁን። ላሊበላ ያኔ 12 ካሬ ላይ ነው።