ጥያቄና መልስ፦ የፔንሲዮንና የሆቴል ውሃ መስመር እና ሌጂዮኔላ (አዳማ)

ጥያቄ፦ 18 ክፍል ያለው ፔንሲዮን ነው የምናስተዳድረው። የመብራት ሒሳብ በዛብንና ቦይለሩን 45 ላይ አወረድነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ሌጂዮኔላ፣ ማለትም ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ነው። ቦይለሩ ውስጥ 60፣ ዞሮ በሚመለሰው መስመር ላይ ከ50 ያላነሰ ይሁን። የመጨረሻው ክፍል ሙቅ ቧንቧ ተከፍቶ በ1 ደቂቃ ውስጥ 50 ካልደረሰ ወይ መስመሩ ሙቀት እንዳያመልጥ አልተሸፈነም፣ ወይ ፓምፑ አያዞርም። የቴርሞስታቱን ቁጥር አትመኑ፤ በቴርሞሜትር ለኩ። 60 ዲግሪ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ማደባለቂያ ቫልቭ ግጠሙ፣ ግን እዚያው ሻወሩ አጠገብ። ለቁጠባ ብላችሁ ቦይለሩ ሥር አንድ ብቻ ከገጠማችሁ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር በሙሉ ለብ ያለ ውሃ ይዞ ይውላል።

ጥያቄ፦ ውሃውን መጠጣትስ?

መልስ፦ የሚያሳምመው በአብዛኛው ረጭ ብሎ በትንፋሽ ሳንባ ሲገባ ነው። ሻወር፣ ጃኩዚ፣ ፏፏቴ። የቀረውን ሐኪም ጠይቁ።

አባል፦ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። አዳማ ላይ ማን ያዘው?

ሌላ አባል፦ ሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት ይሰጣል እንጂ ማን መረመረና!

አባል፦ ካልተመረመረ አንተስ በምን አወቅህ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ፊላደልፊያ ሆቴል ውስጥ በሽታው የያዛቸው ሰዎች ሲሞቱም መጀመሪያ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ቧንቧው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ አለን። ክሎሪን ስንት?

መልስ፦ ባዶ አድርጋችሁ ዝልግልጉን በብሩሽ ፈግፍጉ፤ ባክቴሪያው ከሥሩ ተደብቆ ክሎሪኑ አያገኘውም። ቦይለሩን አጥፉ። ታንከሩ ሲሞላ 65 በመቶ ኤችቲኤች (የክሎሪን ዱቄት) 155 ግራም ወይም 5 በመቶ በረኪና 2 ሊትር ጨምሩ፤ 50 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። ዱቄቱን በባልዲ ውሃ ውስጥ አሟሙ እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ክሎሪኑ እስኪሸት ድረስ እያንዳንዱን ቧንቧ ክፈቱና ዝጉ። 1 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ አፍስሱና እጠቡ። እስከዚያ እንግዳ ሻወር አይግባ። በረኪና ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም!

አባል፦ 2,000 ለምን? የአንድ ቀን ፍጆታ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ? ቀልደኛ ነህ።

መልስ፦ ሁለት ታንከር ካላችሁ አንዱ ወደ ሌላው እንዲፈስ አገናኙ። ጎን ለጎን ከሆነ አንደኛው ቆሞ ይሞቃል።

ጥያቄ፦ ቦይለሩን ስንት ላይ እናድርገው?

መልስ፦ ከላይ አለ። 60።

ጥያቄ፦ እንግዳ የማይገባባቸው ክፍሎች አሉን። ደግሞ አንድ የፈረሰ መታጠቢያ ቤት በቡሽ ተዘግቷል።

መልስ፦ ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ነው፤ ሰው ግን ቦይለሩን ብቻ ይጠይቀኛል። በቡሽ የተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም፤ ክሎሪኑ ያልቃል፣ ሙቀቱ ለብ ይላል፣ ባክቴሪያው ይራባና ወደ ዋናው መስመር ይመለሳል። ጫፉን መድፈን አይበቃም፤ ከዋናው ከሚለይበት ከቲው (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያው) ላይ ቆርጣችሁ አውጡት። ባዶ ክፍሎችን በሳምንት አንዴ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ለ5 ደቂቃ ልቀቁ። የሻወሩን ራስ መጀመሪያ ፍቱት፤ ካልተፈታ ሥሩ በተቀደደ ፌስታል ሸፍኑት፤ ካልሆነ የሚተነፍሰው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

ጥያቄ፦ የሻወር ራስ ኖራ ይዟል፤ አቼቶ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ነክራችሁ አሳድሩት። ከበረኪና ጋር ግን በጭራሽ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ደግሜ ነው የምናገረው።

ጥያቄ፦ ውሃችን ልክ አይደለም፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምኑ? ሙቁ ነው ቀዝቃዛው? አንድ ክፍል ነው ሁሉም? ለክተህ በቁጥር ጻፍ።