ያረጀች የዓሣ ጀልባ በራስ እጅ መጠገን፦ ጥያቄና መልስ

ወሎ ውስጥ ባሉት በሐይቅ እስጢፋኖስና በአርዲቦ ሐይቆች ዳር ያላችሁ፣ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዝታችሁ ወይም ወርሳችሁ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። አናጢ ነኝ፤ ከሥራ ሁሉ ጀልባ መጠገን እወዳለሁ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ተገልብጣ የቆየች ጀልባ ገዛሁ። ቀለሟ ደህና ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለም እንዳትገዛ። ቀለም ብስባሽ ይሸፍናል እንጂ አያድንም። መጀመሪያ ጀልባዋን ከመሬት አንሣት። ከሥሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደውን ዋናውን ግንድ በሦስት አራት ቦታ ጠርብ አስደግፈው፤ ሁሉም እኩል ይሁን። በሁለት ጫፍ ብቻ ከተደገፈች መሀሏ ይሰምጣል፣ ቅርጿ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ የምትገጥመው ጣውላ ሁሉ አልገጥም ይልሃል። ጥላ ሥር አድርጋት። ፀሐይ ላይ ከደረቀች ጣውላው ይሰነጠቃል።

ከዚያ አሮጌውን ቀለም ፋቅና ወስፌ ያዝ። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል። የበሰበሰው ዝም ብሎ ያስገባዋል፤ ስታወጣው ጫፉ ላይ እርጥብ ቡናማ ዱቄት ይዞ ይወጣል። የጎድን እንጨቱ (ጣውላውን ከውስጥ የሚይዘው ቅስት) ከጣውላው ጋር የሚነካካበትን፣ የጣውላዎቹን ጫፍ፣ የዝናብ ውሃ የሚያቁርበትን የውስጥ ጥግ፣ ሚስማሩ ዙሪያውን ያጠቆረበትን ቦታ አንድም ሳትዘል ውጋው። በመዶሻ እጀታም አንኳኳ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የታመመው ድፍን ይላል። ያገኘኸውን ሁሉ በጠመኔ ክበበው። ዋናው ግንድ ራሱ ብዙ ቦታ ከተከበበ ጥገናው አያዋጣም፤ መቅዘፊያውንና ደህና ጣውላዎቹን አስቀርተህ ሌላ ጀልባ ፈልግ። መስማት ከባድ ነው፣ ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

ጥያቄ፦ የተበላውን ጣውላ በምን እንጨት ልተካ? ሰፈራችን ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

መልስ፦ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለጀልባ ጎን አልወደውም። ለመቀመጫና ለመቅዘፊያ እጀታ ግን ይሆናል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ አይጣመምም። ጥድ ብስባሽም ምስጥም ይችላል፤ ጉጡ ስለሚበዛ ግን መምረጥ ይፈልጋል። ሁለቱም አገር በቀል ናቸው፤ ከተፈጥሮ ደን መቁረጣቸው በሕግ የተከለከለ ነው። ከእንጨት ነጋዴ ወይም ከፈረሰ ቤት ግዛ። የድሮ ቤት ጣውላ እንዲያውም ደርቆ ያለቀ ስለሆነ እኔ እሱን አስቀድማለሁ።

ሙሉውን ጣውላ መቀየር ካልፈለግህ የተበላውን ቆርጠህ አውጣና ሁለቱን ጫፎች በሰያፍ ጠርበህ አጋጥማቸው። ቅጣዩ የጣውላውን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይርዘም። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቅጣዩ 16 ይሆናል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቅጣይ ማዕበል ሲያናውጠው ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ተራ ሚስማር ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ዝገት ያብጣል፣ እንጨቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ዚንክ የተነከረ ሚስማር ወይም የማይዝግ ብሎን ተጠቀም። ቀዳዳውን አስቀድመህ በድሪል ብሳ፤ ከሚስማሩ ጠበብ ያለ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ዓሣ ነጋዴ ነኝ፤ ጀልባዋ የእኔ ናት። የጣውላዎቹን ክፍተት በስቱኮ ደፈንኩት፣ በሳምንቱ ረገፈ። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ደረቅ ስቱኮ ብቻውን ይህን እንቅስቃሴ አይችልም። ከሥሩ ጥጥ ያስፈልገዋል። ንጹሕ ጥጥ እንደ ፈትል ጠምዝዢ። አፉ የደነዘዘ መሮ ይዘሽ በቀላሉ እየመታሽ ክፍተቱ ውስጥ አስገቢው። ጠቅጥቀሽ አታጨናንቂው፤ ጣውላው ሲያብጥ ቦታ ካጣ ራሱን ከጎድን እንጨቱ ነቅሎ ይወጣል። ጥጡን በተልባ ዘይት ቀቢውና ከላይ በተልባ ዘይት የታሸ ስቱኮ ሙዪው። ወሎ ላይ ተልባ አይጠፋም። ሬንጅ የሚመክሩሽ ይኖራሉ፤ ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ቀለምም አይዝለትም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ትቼ በፋይበር ግላስ ባለብሳትስ?

መልስ፦ አሮጌ እንጨት ላይ አይመከርም። እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ከላይ እያማረ ከውስጥ ይበሰብሳል። ብስባሹን ለማየትም ወስፌ አይገባልህም።

ጥያቄ፦ መቼ ልሥራ?

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር። ክረምቱ አልፏል፣ በልጉ አልመጣም።

ጥያቄ፦ ጨርሼ ውሃ ላይ ባወርዳት ከየቦታው ውሃ ታስገባለች። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ሆነ?

መልስ፦ አብሽር! የደረቀች ጀልባ መጀመሪያ ላይ ውሃ ማስገባቷ አይቀርም። ጥልቀት የሌለው ቦታ እሰራትና ሁለት ሦስት ቀን ተዋት፤ እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። ውሃ እየቀዳህ ከማውጣት በቀር ምንም አታድርግ። ከሦስት ቀን በኋላም አንድ ቦታ ላይ እየፈለቀ ከሆነ ያ ማበጥ የሚዘጋው አይደለም፤ ምልክት አድርግበትና አውጣት። ጥጡ ያልደረሰበት ወይም ወስፌህ የዘለለው ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ከተጠገነች በኋላ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሰው ላመላልስባት እችላለሁ?

መልስ፦ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መረብና ሁለት ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። መረብ ከታች ይተኛል፤ ሰው ግን ይነሣል፣ ይዞራል፣ ፎቶ ለማንሳት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ በሰው አትሞክራት። ልታሳፍር ባሰብከው ሰው ክብደት ልክ አሸዋ በጆንያ ሙላና ዳር ላይ ጫናት፣ ከዚያ ጆንያዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዛውራቸው። ጠርዟ ወደ ውሃው ከተጠጋ ቀንስ፤ ስትቀንስ የቀረው ቁጥር የጀልባህ ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር። መዋኘት የሚችለውም ይልበስ። የበዓል ቀን ሰው ተሰልፎ ቢለምንህም ከልኩ በላይ አንድ ሰው አትጨምር።