መልስ፦ ሦስቱ ክላሶች እንዴት ይህን ያህል በዙ?

ወዳጄ፣ «ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ሲጀመር ሦስት ክላስ ብቻ ከነበረው፣ አሁን ለምን ይህን ያህል በዛ?» ላልከው፣ እኔ ጣቴን የምቀስረው ሌባ የተባለው ክላስ ላይ ነው። (ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ በቃል የሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ ክላስ ደግሞ የገጸ ባሕሪው ሙያ ነው።)

በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ጨዋታ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበረው። (ካህኑ እንኳ በአንደኛ ደረጃ አንድም ድግምት አልነበረውም፤ ምስኪን!) በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባና ፓላዲን (ሃይማኖተኛ ተዋጊ) ገቡ። ነገሩ የተቀየረው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በፊት ወጥመድ ማክሸፍ የማንም ሥራ ነበር። «ቀስቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጨርቅ እደፍናለሁ» ትላለህ፤ ጨዋታ መሪው አስቦ ይፈርዳል። ለሌባው ግን ለዚሁ ሥራ የመቶኛ ዕድል ተሰጠው። ያኔ የሌሎቹ ክላሶች ተጫዋቾች «ይሄማ የሱ ነው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። የሚያስቀው፣ ጀማሪ ሌባ ወጥመድ የማክሸፍ ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ነበር!

አንዴ ችሎታ የአንድ ክላስ ንብረት ከሆነ፣ ለሌላውም ችሎታ ባለቤት መፈለግ አይቀርም። ሬንጀሩ (የዱር ተዋጊው)፣ ድሩዱ (የተፈጥሮ ካህኑ)፣ መነኩሴው ተከታትለው መጡ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ክላሶችን እንደልብ ማደባለቅ ፈቀደ። የ2008ቱ እትም ደግሞ የትኛው ክላስ ተከላካይ፣ የትኛው አጥቂ እንደሆነ በግልጽ ጻፈው፤ ብዙዎች አልወደዱትም፣ እኔ ግን ሐቀኝነቱን እወደዋለሁ። የ2014ቱ 12 ክላስ ይዞ፣ ልዩነቱን በንዑስ ክላስ (በክላሱ ሥር ባለ ቅርንጫፍ) ውስጥ አስገባው።

ክላስ ጭራሽ ካስጠላህ ሩንክዌስት የተባለውን ሌላ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሞክር። ከ1978 ጀምሮ ያለ ክላስ ነው፤ የተጠቀምክበት ችሎታ ራሱ ያድጋል።